ማርስ ላይ ሦስት ሰዓት ከአሥር

ከፎቶ ኮፒ ማሽን ገና የወጣ ወረቀት የራሱ ሽታ አለው። የተተኮሰ ጨርቅ ይመስላል፤ ትንሽ ደግሞ የተለበለበ ፕላስቲክ። ባለፈው ሳምንት አንዲት እየደበዘዘች ያስቸገረችኝን አሮጌ ወረቀት ላስባዛ ከመናኸሪያው ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ ነበር። የቤቱ ባለቤት ክዳኑን ዘጋች፣ ማሽኑ ትንሽ አጉረመረመ፣ ወረቀቱም ወጣ። ያ ሽታ ሲመጣብኝ እጄን እንደዘረጋሁ ቆምሁ። ወረቀቷ ላይ ያለው የደብረ ማርቆስ መሬት አይደለም። የጎጃምም አይደለም። የማርስ መሬት ነው፤ ዙሪያዋን የሚዞር ሳተላይት ያነሳው።

ወረቀቷን ባወቅሁበት ዘመን ባጃጅ ከመናኸሪያው እስከ ገበያው በሁለት ብር ይወስድ ነበር። ሰው ሦስት ብር ሲባል ወርዶ በእግሩ ይሄዳል። እኛ ልጆቹ ነጭ የጨርቅ ጫማ እንወድ ነበር፤ ጭቃ እንደሚያበላሸው እያወቅን በክረምትም እንገዛዋለን። ማታ ማታ በሳሙና አጥበን ምድጃ ዳር እናቆመዋለን፤ ጧት ሲደርቅ ዙሪያው ቢጫ ይሆናል። እኔ የምሠራበት ልብስ ስፌት ቤት ፊት ለፊት አንድ ሙዚቃ ቤት ነበር። ባለቤቱ በሩን እንደከፈተ አንድ ዘፈን ያስጀምርና እስከ ምሳ ድረስ እሱኑ ይደጋግመዋል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ዘፈኑን ትቶ መዝሙር ይከፍታል፤ እሱንም ቢሆን አንዱን ብቻ። ዛሬ በዚያ ቦታ የሞባይል መለዋወጫ ይሸጣል። የስፌት ቤቱ የእንጨት በር ብቻ እንዳለ አለ፤ ቀለሙ ግን ሌላ ነው።

ስፌት ቤቱ የጋሽ ሞላ ነው። እኔ ከጉንደ ወይን መጥቼ እሱ ዘንድ የቀሚስ አንገትና ጫፍ እጠልፍ ነበር። ያኔ ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ ነው፤ ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ አቁሜያለሁ። ሰው ፊት መናገር አልችልም ነበር። ደንበኛ መጥቶ “መቼ ይደርሳል?” ሲለኝ ጋሽ ሞላን ዞሬ አያለሁ። ጋሽ ሞላም “አንጓች ምላሷን ቤቷ ቆልፋ ነው የምትመጣ” ብሎ ያስቃቸዋል። ክፉ ሰው አልነበረም። ለእኔ መልስ መስጠቱን እንደ ሥራው ቆጥሮት ነበር።

መምህር አዳሙ የመጣው የኮቱ ገበር ተቀዶበት ነው። በከተማው ካሉት ኮሌጆች በአንዱ ፊዚክስ ያስተምር ነበር። ረጅም ነው፤ ሲቆም ጎንበስ ይላል። እኔ በዚያ ሰዓት ጨርቁን ከመስኮቱ መስታወት ላይ ለጥፌ፣ ከሥሩ ያለውን የመስቀል ንድፍ በእርሳስ እየገለበጥሁ ነበር። መስታወት ላይ ሲሆን ብርሃኑ ከኋላ ስለሚመጣ ንድፉ በጨርቁ አልፎ ይታያል። ኮቱን ረስቶ እጄን ማየት ጀመረ።

“ይኸን ሁሉ ያለ ማስመሪያ ነው የምትስይው?”

ጋሽ ሞላን ዞሬ አየሁ።

“አዎ” አለ ጋሽ ሞላ። “አንዲት ክር አታዛንፍም። ምነው፣ ለሚስትህ ቀሚስ አማረህ?”

“ሚስት የለኝም። የማርስን መሬት የሚገለብጥልኝ ሰው ነው ያጣሁ።”

“ማርስ ደግሞ የማን ወረዳ ናት?”

“ወረዳ የላትም ጋሽ ሞላ። ሰማይ ላይ ናት።”

“እንግዲያ ልጅቱን በጊዜ የምትመልስልኝ ከሆነ ውሰዳት” አለና ገበሩን መተርተር ጀመረ።

እንዲህ ሆኖ ከጥምቀት በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን ከምሳ በኋላ የመምህር አዳሙ ቢሮ መሄድ ጀመርሁ። ቢሮው ጠባብ ነው። መስኮቱ ወደ ምዕራብ ይከፈታል። አንድ ኮምፒውተር አለ፤ እሱንም ከሌላ መምህር ጋር ይጋራዋል፤ መብራት ደግሞ በመጣበት ቀን ነው። ስለዚህ ፎቶዎቹን ሁሉ አዲስ አበባ ሄዶ በወረቀት አሳትሟቸው ነበር። ፎቶዎቹን ማንም ሰው ከኢንተርኔት በነፃ ማውረድ ይችላል አለኝ። እኔን የገረመኝ ማርስ ሳይሆን ይኸ ነበር፤ ያን ያህል የተደከመበት ነገር በነፃ መሰጠቱ።

ነገሩን እንደ ተማሪው ቆጥሮኝ አስረዳኝ። ማርስ እንደ መሬት ድንጋይና አፈር ናት። ሳተላይቱ ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ከደቡብ ወደ ሰሜን እየዞረ ያነሳታል፤ እሷም ከሥሩ ስለምትሽከረከር ቀስ በቀስ ሁለመናዋን ያየዋል። ከፎቶው ሌላ ቁጥር ብቻ የሞላባቸው ወረቀቶችም ነበሩ፤ እነሱ የአየሩ ናቸው። ሌላ መሣሪያ ከላይ ሆኖ የአየሩን ሙቀትና በውስጡ ያለውን አዋራ ይለካል። አየሩ በጣም ስስ ነው፣ ሰው አይተነፍሰውም፣ ግን አዋራ ማንሳት አያቅተውም አለ። አንዳንዶቹ ፎቶዎች በአዋራው የተነሳ ምንም አይታይባቸውም ነበር፤ ሻይ የተደፋባቸው ይመስላሉ። ልለያቸው ስል “አትጣይ” አለኝ። “መሬቱ ባይታይም አየሩ ታይቷል። እሱም ወሬ ነው።”

የእኔ ሥራ እንዲህ ነው። ስስ ወረቀት ፎቶው ላይ አነጥፍና የማየውን ሁሉ ዙሪያውን እስላለሁ። ጉብታ ከሆነ በቀይ፣ ጉድጓድ ከሆነ በሰማያዊ። ቀላል ይመስላል። ግን ከላይ በቀጥታ ሲታይ ጉድጓድና ጉብታ አንድ ናቸው። ሁለቱም ክብ ናቸው፤ ሁለቱም ግማሻቸው ብሩህ ግማሻቸው ጨለማ ነው። የሚለየው አንድ ነገር ብቻ ነው።

“ፀሐይዋ በየት በኩል እንዳለች ካላወቅሽ” አለኝ፣ “ሁሉንም ገልብጠሽ ነው የምታይው። ፀሐይ ባለችበት በኩል ያለው ጎን ከበራ ጉብታ ነው። እሱ ጨልሞ ማዶው ከበራ ጉድጓድ ነው። ገባሽ?”

ራሴን ነቅንቄ እሺ አልሁ።

“እዚያም እንደኛው በምሥራቅ ትወጣለች። ወረቀቱ ላይ ላይኛው ጫፍ ሰሜን ነው፣ ቀኝሽ ምሥራቅ። ሳተላይቱ ሁልጊዜ የሚያልፈው እዚያ ባለው በአንድ በተወሰነ ሰዓት ነው።” ተነሳና ግድግዳው ላይ ባለው ሰሌዳ ጻፈው፦ “የፎቶው ሰዓት 3:10”።

ሦስት ሰዓት ከአሥር። ሦስት ሰዓት እኔ የማውቀው ሰዓት ነው። ጋሽ ሞላ ቤት ሥራ የሚሟሟቀው፣ ገበያ የሚወጣው ሰው በመንገድ የሚበዛው በሦስት ሰዓት ነው። ፀሐይ በምሥራቅ ናት፤ ለወረቀቱ በቀኝ ናት። ቀኙ የበራውን በቀይ ማክበብ ጀመርሁ። ቀይ በዛ። አንዱን ወረቀት ጨርሼ ሌላውን ሳነጥፍ አሁንም ቀይ ነው። በአንድ ሜዳ ላይ ጉብታ እንደ ሽምብራ ተበትኖ ነበር። ሰማያዊው እስክሪብቶ ከነክዳኑ ሲውል ሲያድር፣ ቀዩን ሦስት ጊዜ ቀየርነው።

መምህር አዳሙ ስሱን ወረቀት ብቻ እየወሰደ ይቆጥራል። ከዕለታት አንድ ቀን ቆጥሮ ሲጨርስ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረው።

“አንጓች፣ ይኸ ቀይ ሁሉ ጉብታ ነው?”

“አዎ ጋሼ።”

“ጥላውን አይተሽ ነው?”

“አዎ ጋሼ።”

ጥላውን አይቼ ነበር። ደግሞ ቢጠይቀኝ እንዴት እንዳየሁት እነግረው ይሆን ነበር። እሱ ግን ደግሞ አልጠየቀኝም፤ እኔም ሳልጠየቅ አልናገርም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው ተለወጠ። በዚያ ሜዳ ላይ ያን ያህል ጉብታ እንዳለ የጻፈ ሰው የለም አለ። ምናልባት ከሥር የወጣ ጭቃ ይሆናል፤ ምናልባት በአንድ ዘመን ውኃ ነበረ። ውጭ አገር ላሉ አንድ መምህር አጭር ደብዳቤ ላከ። እሳቸውም ሥራው ተጽፎ ከሆሣዕና በፊት ከደረሳቸውና የሚያሳምን ሆኖ ካገኙት፣ ወስደው ሊያስተምሩት እንደሚችሉ መለሱለት። ደብዳቤውን ለእኔ በአማርኛ እየመለሰ አነበበልኝ። ለጋሽ ሞላም አነበበለት። ጋሽ ሞላ አዲስ ኮት በቅናሽ እንደሚሰፋለት ቃል ገባ። “በተጠገነ ገበር ፈረንጅ አገር ሄደህ ስሜን ልታጠፋው?” አለው።

መሳሉ ካለቀ በኋላ የቀረኝ ወረቀቶቹን በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ነበር። ያን ጊዜ ነው ሻይ የተደፋባቸው ከሚመስሉት መሀል አንዷን ያወጣሁ። ግማሿ ደብዝዟል፤ ግማሿ ጥርት ያለ ነው። ጥርት ያለው ላይ የተለመዱት ክቦች አሉ። በመሀላቸው ግን ክብ ያልሆነ ነገር ቆሟል። ቀጭን ነው፣ ነጣ ያለ ነው፣ ጫፉ ትንሽ ጠምዘዝ ብሏል። ከሥሩ አንድ ጥቁር መስመር ወደ ቀኝ ተዘርግቷል።

አየሁትና አወቅሁት። አውሎ ነው። በበጋ ደረቅ ማሳ ላይ አዋራውን እያሽከረከረ የሚነሳው፣ እናቴ ስታየው አማትባ ልጆቿን ወደ ቤት የምታስገባው። ቆሞ የሚሄድ ነገር ነው። ጉድጓድ ሊሆን አይችልም። የቆመ ነገር ደግሞ ጥላው ከፀሐይ ተቃራኒ ነው። ጥላው ወደ ቀኝ፣ ወደ ምሥራቅ ወድቋል። እንግዲያ ፀሐይዋ በግራ ናት።

ወረቀቷን ከሌሎቹ ሥር ከተትኋት። ምናልባት ተገልብጣ ታትማ ይሆናል ብዬ ጫፏን አየሁ፤ አልተገለበጠችም። በዚያ ቀን ምንም አልተናገርሁም። መምህር አዳሙ ከጎኔ ተቀምጦ እየጻፈ ነበር፤ እያፏጨ።

በማግስቱ፣ ዓርብ፣ ወደ ጉንደ ወይን ሄድሁ። ለአባቴ ጨውና ሳሙና ይዤለት ነበር። አባቴ ሰዓት አስሮ አያውቅም። በጾም ወራት የመብያውን ሰዓት የሚያውቀው በጥላው ነው፤ ደጅ ቆሞ የራሱ ጥላ ጫፍ የደረሰበትን ያይና ተረከዙን ከጣቱ እየገጠመ በጫማ ይለካዋል። ለየወሩ ስንት ጫማ ሲሆን ዘጠኝ ሰዓት እንደሚሆን ከልጅነቱ ከቤተ ክርስቲያን ተምሮታል። በዚያም ቀን ሲለካ ዳር ቆሜ ጠበቅሁት።

“አባዬ፣ ጧትስ በጥላ ሰዓት ይታወቃል?”

“ለምን አይታወቅ። ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ብትለኪው ልክ እንደዚሁ ነው፤ አያንስ አይበልጥ። የሚለየው በየት በኩል እንደወደቀ ነው።”

“አውሎስ ጧት ይነሳል?”

ቀና ብሎ አየኝ። “መሬቱ ሳይሞቅ ምን ያነሳዋል? ከቀትር በኋላ ነው የሚነሳው። ምን ሁነሽ ነው፣ ከተማ ገብተሽ አውሎም ረሳሽ?”

አልረሳሁትም። ራት ሆኖ የሚቆጠረውን ያን የዘጠኝ ሰዓት ምግብ ቀርቦልን ስንበላ፣ ሦስትና ዘጠኝ በሐሳቤ ይመላለሱ ነበር። ትምህርት ቤት ሳለሁ የእንግሊዝኛ መምህራችን ሰሌዳው ላይ የሳለው ሰዓት ትዝ አለኝ። ፈረንጆች ቀኑን ከቀትር ነው የሚቆጥሩት፤ እኛ ዘጠኝ የምንለውን እነሱ ሦስት ይሉታል ብሎን ነበር። አምስተኛ ክፍል ነው የተማርሁት። ለፈተና አጥንቼ ደፍኜበታለሁ። ከዚያ በኋላ ግን አንድም ቀን አስፈልጎኝ አያውቅም።

ደብረ ማርቆስ የተመለስሁት እሑድ ነው። ሰኞ ቀኑን ጋሽ ሞላ ዘንድ ስጠልፍ ዋልሁ፤ ሁለት ጊዜ መርፌ ወጋኝ። የማስበው ስለ ማርስ አልነበረም። ስለ ደብዳቤው ነበር። ሆሣዕና በሳምንቱ ነው። ዝም ብል ሰውየው ይሄዳል፤ እዚያ አንድ ሰው ፎቶውን ከሥዕሉ ጋር ያስተያየዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያምነው አይኖርም። ብናገር ደግሞ አይሄድም። መንገዱን የዘጋሁበት እኔ ሆኜ እዚሁ ፊቱን ሳይ እኖራለሁ። ሦስተኛ መንገድ አልታየኝም።

ማክሰኞ ሄድሁ። ጽሑፉን በፖስታ ከትቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦት ነበር። “አንጓች፣ ነገ ይላካል” አለኝ። እንዴት እንደምጀምር በመንገድ ላይ አዘጋጅቼው የነበረው ቃል ጠፋብኝ። ስለዚህ ምንም ሳልናገር ያችን ወረቀት ከሥር አወጣሁና መስኮቱ ዳር አነጠፍኋት፤ ላይኛው ጫፏን ወደ ሰሜን አድርጌ። ከቦርሳዬ የክር ማጠንጠኛ አወጣሁና ከአውሎው አጠገብ አቆምሁት። የከሰዓት ፀሐይ በመስኮቱ ትገባ ነበር። የማጠንጠኛው ጥላ ወደ ቀኝ ወደቀ። ከአውሎው ጥላ ጋር ጎን ለጎን ሆኑ።

“ምንድን ነው?” አለኝ።

“አውሎ ነው ጋሼ።”

ጎንበስ ብሎ አየ። መነጽሩን አውልቆ አየ። በጣቱ ማጠንጠኛውን ነካው፤ ጥላው አብሮ ተነቃነቀ።

“አሁን ስንት ሰዓት ነው?” አለኝ ሳይዞር።

“ዘጠኝ ሆኗል።”

“ታዲያ ልክ ነው። ሳተላይቱም የሚያልፈው በዚሁ ሰዓት ነው። ምኑ ነው…” እዚህ ላይ ቆመ። ሰሌዳውን አየ፤ እኔን አየ። “አንጓች፣ ሦስት ከአሥር ብዬ ስጽፍልሽ መቼ መሰለሽ?”

“ጧት።”

ኮሪደሩ ላይ ተማሪዎች እየተሳሳቁ ሲያልፉ ይሰማል።

“ቀዩ ሁሉ?” አለ።

“ጉድጓድ ነው ጋሼ። ሰማያዊዎቹ ናቸው ጉብታ።”

“ሰማያዊው ስንት ነው?”

“አሥራ አንድ።”

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ፖስታውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። ይቆጣኛል ብዬ እጄን ቀሚሴ ላይ እየጠረግሁ ቆምሁ። “ሰሌዳው ላይ የጻፍሁት እኔ ነኝ” አለ በመጨረሻ። “ከእንግሊዝኛው እንዳለ ገለበጥሁት። አንቺ ደግሞ የገለበጥሁትን እንዳለ አነበብሽ።” ከዚያ፣ “ስንት ቀን ሆነሽ ካወቅሽው?”

“አምስት ቀን።”

“አምስት ቀን ሙሉ እንዴት ቻልሽው?” አለ። የሚጠይቅ አይመስልም ነበር።

ጽሑፉ አልተላከም። ለውጭ አገሩ መምህር የሆነውን እንዳለ ጻፈላቸው። እሳቸው በደግነት መለሱለት፤ በዚያ ዓመት ግን ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጡት። መምህር አዳሙ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ደብረ ማርቆስ ቆየ። አሥራ አንዱን ጉብታዎች ይዞ እንደገና ሠራ። የጭቃ ወሬ አልነበራቸውም፤ ነፋስ እየፋቀ ያስተረፋቸው ጠንካራ ድንጋዮች ናቸው አለ። ትንሽ ጽሑፍ ወጣችለት። ማን እንዳነበባት አላውቅም። ጋሽ ሞላ ኮቱን በዚያው በቅናሹ ዋጋ ሰፋለት፤ “ፈረንጅ ባያየው ማርቆስ ይየው” ብሎ። እኔም ወረቀት ባለ ጊዜ እየሄድሁ መሳሉን ቀጠልሁ። እዚያ ቢሮ ውስጥ ብዙ እናገር ነበር ማለት አልችልም። ግን አንድ ነገር ሲያጠራጥረኝ አምስት ቀን መጠበቁን ተውሁ።

ሲሄድ የሄደው ወደ ሌላ ከተማ ነው፤ ለማስተማር። በደጀን በኩል በሚያልፍ አውቶቡስ ጧት ተሳፈረ። ከመሄዱ በፊት የአውሎዋን ወረቀት ሰጠኝ። ከግርጌዋ በእጁ ጽፎባት ነበር፦ “ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር፣ ከቀትር በኋላ”። አሁን የራሴ የጥልፍ መኪና አለኝ። ልጄ አምስተኛ ክፍል ናት፤ የፈረንጆቹን ሰዓት በስልክ ስለምታየው እንደ እኔ በፈተና አትማረውም። ባጃጅ የሚጠይቀውን ዋጋ እዚህ ባልጽፈው ይሻላል፤ ይኸ እስኪነበብ ይጨምራል።

እስኪ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ልመለስ። ሴትዮዋ ትኩሱን ወረቀት ባንኮኒው ላይ ስታስቀምጠው ግርጌውን ወደ ላይ አድርጋው ነበር። ዐይኗ እንዳረፈበት ክቦቹ ሁሉ እንደ እብጠት ተነሱ። ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ወረፋ ይዘዋል።

“ይኸ ሁሉ ጉብታ የት አገር ነው እቴ?” አለች። “ጮቄ ተራራ ላይ ነው?”

ማንም ስለ እኔ የሚመልስ አልነበረም። ወረቀቱን አዞርሁት።

“ጉብታ አይደለም፤ ጉድጓድ ነው” አልኋት። “ከሰዓት በኋላ ነው የተነሳው። ፀሐይዋ በዚህ ናት።” በጣቴ ግራውን አሳየኋት።

ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ አየች። ከኋላዬ ያሉትም ቀረቡ።